አይዲው አንድ፣ ባይቱ ሁለት፦ የዳታቤዝ መለያ ስንመርጥ የባይት ቅደም ተከተሉን እንዴት እንመዝግብ?

እንበልና አንድ የመድኃኒት መደብር ሦስት ቅርንጫፍ አለው። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ እና ስታዲየም። ቅርንጫፎቹ የሚሸጡበት ፕሮግራም በዶት ኔት (በማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) የተሠራ ነው፤ ዳታው ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ላይ ይቀመጣል። ካዛንቺስ ያለው ዋና ቢሮ ግን ሪፖርቱን የሚያወጣው ፖስትግሬስ ከሚባል ሌላ ዳታቤዝ ነው። ማታ ማታ የቀኑ ሽያጭ ወደ ዋናው ቢሮ ይሻገራል። ጠዋት ላይ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከፒያሳ የመጣ ደረሰኝ ይዛ አይዲውን (የሽያጩን መለያ) ሲስተሙ ላይ ትፈልጋለች። የለም። ፒያሳ ስትደውል ደግሞ "እህቴ፣ እኛ ጋ እኮ አለ፤ ይኸው እያየሁት ነው" ይሏታል።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሽያጩ ካዛንቺስ ደርሷል፤ ብሩም ድምሩ ውስጥ ገብቷል። አይዲውም ቢሆን አልጠፋም። የማታው ፕሮግራም አይዲውን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ 16 ጥሬ ባይት ስላሻገረው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ባይቶች ቦታ ተለዋውጠው ተቀምጠዋል። የዶት ኔቱ ወገን በራሱ ደንብ ልክ ነው፤ የፖስትግሬሱም እንደዚያው። በመካከላቸው የጎደለው አንድ መስመር ሰነድ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የአይዲ ዓይነት ገና እየመረጣችሁ ላላችሁ፣ ወይም መርጣችሁ ሰነዱን ለሚቀጥለው ሰው ለማዘጋጀት ለተቀመጣችሁ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥሩ አይዲ ማለት ስለ ባይት ቅደም ተከተሉ ብዙ ማስረዳት የማያስፈልገው አይዲ ነው። ማስረዳት ካስፈለገም በቅጽል ሳይሆን በናሙና ይጻፍ።

ነገሩ ምንድን ነው?

አንድ ቁጥር ከአንድ ባይት ሲበልጥ ኮምፒውተሩ ባይቶቹን በሆነ ተራ መደርደር አለበት። ከፍተኛውን ዋጋ የያዘው ባይት ከቀደመ ቢግ ኤንዲያን ይባላል፤ ዝቅተኛው ከቀደመ ሊትል ኤንዲያን። አዲስ አበባ ውስጥ ቅጽ ስንሞላ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር እያልን ከትልቁ ወደ ትንሹ እንወርዳለን። ቢግ ኤንዲያን እንደዚያ ነው። ከቤት ቁጥር ጀምሮ ወደ ክፍለ ከተማ የሚወጣ ቅጽ ቢኖር ሊትል ኤንዲያን በሆነ ነበር። የሚያነበው ሰው የትኛው እንደሆነ ካወቀ ሁለቱም ያንኑ ቤት ያደርሱታል።

የኢንተርኔት መሠረታዊ ፕሮቶኮሎች ቢግ ኤንዲያን ናቸው፤ "የኔትወርክ ቅደም ተከተል" የሚባለውም እሱ ነው። ላፕቶፓችን ውስጥ ያሉት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ግን ሊትል ኤንዲያን ናቸው። ስለዚህ መገለባበጡ ሁልጊዜ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ላይብረሪው ስለሚሠራልን አናየውም።

የራሳችን ፊደልም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። "ሀ" በዩኒኮድ ቁጥሩ በሄክስ (ከ9 በኋላ በላቲን ፊደላት በሚቀጥለው ባለ 16 አሃዝ አጻጻፍ) 1200 ነው። በዩቲኤፍ 16 ሲጻፍ በአንዱ አደራደር 12 00፣ በሌላው 00 12 ይሆናል። ለጽሑፍ ግን መላ ተበጅቶለታል። ወይ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቅደም ተከተሉን የሚናገር ምልክት ይቀመጣል፣ ወይ ደግሞ ይህ ችግር በሌለበት በዩቲኤፍ 8 ይጻፋል። አይዲ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም። 16 ባይት ነው፤ አለቀ። የትኛው ባይት እንደሚቀድም ከራሱ ከአይዲው ማንበብ አይቻልም፤ ስለዚህ ከውጭ የሆነ ሰው መጻፍ አለበት።

አንድ ናሙና፣ አራት መልክ

ከዚህ በታች ሁሉ የምጠቀመው አንድ ዩዩአይዲ፣ ማለትም ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ሊያወጣው የሚችል ባለ 16 ባይት መለያ፣ ነው፦

01203040-5060-7080-9011-121314151617

ሄክስ እስከ ስድስተኛው የላቲን ፊደል ድረስ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ሆን ብዬ አሃዝ ብቻ ያለበትን መረጥኩ። ዋናው ነገር አሥራ ስድስቱም ባይቶች የተለያዩ መሆናቸው ነው። አንዱ ቦታውን ቢለቅ ወዲያው ይታያል። ብዙ ሰው ለሙከራ ዜሮ ብቻ ወይም 11111111-1111-1111-1111-111111111111 ይጠቀማል። እንዲህ ያለውን አይዲ እንደፈለጋችሁ ብትገለብጡት ያው ነው፤ ሙከራው ሁሌም ያልፋል፣ ሲስተሙ ግን ተበላሽቶ ይቀራል።

ይህ አይዲ ወደ ባይት ሲቀየር እንደ መሣሪያው የሚከተሉትን መልኮች ሊይዝ ይችላል።

በመደበኛው አሠራር፣ ማለትም በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 4122 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ነው) እና በሜይ 2024 በተካው አርኤፍሲ 9562 መሠረት፣ ባይቶቹ በጽሑፉ ተራ ይሄዳሉ፦ 01 20 30 40 50 60 70 80 90 11 12 13 14 15 16 17።

በማይክሮሶፍት ጉዊድ (ማይክሮሶፍት ዩዩአይዲን የሚጠራበት ስም ነው) አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ይገለበጣሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ባሉበት ይቆያሉ፦ 40 30 20 01 60 50 80 70 90 11 12 13 14 15 16 17። ልብ በሉ፣ ይህ ሊትል ኤንዲያን አይደለም። ግማሹ ነው እንጂ። "ሊትል ኤንዲያን" ብሎ ብቻ የጻፈ ሰነድ አንባቢውን 16ቱንም ባይት እንዲገለብጥ ይጋብዘዋል።

የሞንጎዲቢ ዳታቤዝን ከጃቫ ፕሮግራም ጋር በሚያገናኘው የድሮ ድራይቨር ደግሞ አይዲው ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዱ ስምንት ባይት ይገለበጣል፦ 80 70 60 50 40 30 20 01 17 16 15 14 13 12 11 90።

ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ዩዩአይዲን ወደ ባይነሪ የሚቀይረውን ፋንክሽን የመቀያየሪያ ምልክት 1 ካደረጋችሁ አንደኛውና ሦስተኛው ክፍል ቦታ ይለዋወጣሉ፦ 70 80 50 60 01 20 30 40 90 11 12 13 14 15 16 17።

አራቱም ትክክል ናቸው። አራቱም በየራሳቸው ሰነድ ላይ ተጽፈዋል። ችግሩ የሚፈጠረው አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲያነበው ነው።

ዳታቤዞቹን እናወዳድር

ከፖስትግሬስ ልጀምር፤ ወሬው አጭር ስለሆነ። ዩዩአይዲ የሚባል የራሱ ዓይነት አለው። 16 ባይት ነው፣ በጽሑፉ ተራ ይቀመጣል፣ ሲያነጻጽርም ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በጽሑፍ የምታዩት ቅደም ተከተልና ኢንዴክሱ (ዳታቤዙ ፈጥኖ እንዲፈልግ የሚይዘው ማውጫ) ውስጥ ያለው አንድ ነው። በ2025 የወጣው የፖስትግሬስ ቨርዥን 18 ዩዩአይዲ ቨርዥን 7ን (በጊዜ የሚደረደረውን የዩዩአይዲ ዓይነት) የሚያመነጭ የራሱ ፋንክሽን ይዞ መጥቷል። እዚህ ሰነዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አሉ፤ ሰዎች ያደባልቋቸዋል።

አንደኛው አቀማመጡ ነው። የጉዊድ ኮለም ወደ 16 ባይት ባይነሪ ሲቀየር የሚወጣው ከላይ ያየነው ግማሽ የተገለበጠው መልክ ነው። ዶት ኔትም ጉዊድን ወደ ባይት ሲቀይር በነባሪው ይህንኑ ያደርጋል። ከዶት ኔት 8 ጀምሮ "ቢግ ኤንዲያን አድርግልኝ" የሚል አማራጭ ተጨምሮለታል፤ የድሮ ኮድ ግን የድሮውን መልክ ነው የሚሰጣችሁ። ፓይተን ብልጥ ነው። ለሁለቱም መልክ ሁለት የተለያየ ስም ስለሰጣቸው ኮዱን ያነበበ ሰው የትኛው እንደሆነ ያያል።

ሁለተኛው አደራደሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ከአቀማመጡ የባሰ ያስገርማል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ሁለት ጉዊዶችን ሲያነጻጽር መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻዎቹን ስድስት ባይቶች ነው። በእኛ ናሙና 121314151617 የሚለውን ማለት ነው። ከዚያ ወደ ግራ እየመጣ፣ በመጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ክፍል ያያል።

ይህ ለምን ግድ ይሰጠናል? ዩዩአይዲ ቨርዥን 7 የተሠራው በጊዜ እንዲደረደር ነው። የመጀመሪያዎቹ 48 ቢቶች ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊሰከንድ ናቸው። አዲስ የተፈጠረ አይዲ ከድሮው ስለሚበልጥ ኢንዴክሱ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ መጻፍም ይፈጥናል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን የሚጀምረው ከቀኝ ነው። ቨርዥን 7 ላይ ደግሞ በቀኝ በኩል ያለው በዘፈቀደ የወጣ ቁጥር ነው። ስለዚህ የጊዜው ጥቅም ሁሉ ይቀራል። "ወደ ቨርዥን 7 ቀየርን፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ዳታቤዙን ጠይቁት። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ በተራ የሚሄድ ጉዊድ ከፈለጋችሁ ከ2005ቱ ቨርዥን ጀምሮ የራሱ ማመንጫ አለው፤ እሱ ከዚህ አደራደር ጋር ተስማምቶ የተሠራ ነው።

ማይኤስኪውኤል የዩዩአይዲ ዓይነት ስለሌለው አብዛኛው ሰው 16 ባይት ባይነሪ ወይም 36 ፊደል ጽሑፍ ይጠቀማል። ጽሑፉ ለዓይን ይመቻል። ግን ቦታው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ያ ደግሞ እያንዳንዱ ኢንዴክስ ውስጥ ይደገማል። ባይነሪ ከመረጣችሁ ቨርዥን 8 ላይ የመጣው ዩዩአይዲን ወደ ባይነሪ የሚቀይረው ፋንክሽን ሁለተኛ ምልክት ይቀበላል፦ 0 ወይም 1። 1 የተፈጠረው ለዩዩአይዲ ቨርዥን 1 ነው። ቨርዥን 1 ከኦክቶበር 15 ቀን 1582 ጀምሮ ጊዜ ይቆጥራል፤ ችግሩ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው የጊዜ ክፍል ፊት መቀመጡ ነው። 1 ስትሉት ያ ክፍል ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ድርደራውም ይስተካከላል። ቨርዥን 7 ላይ ግን 1 ማለት የተስተካከለውን ማፍረስ ነው። በዚያ ላይ ሲጻፍ 1 ተብሎ ሲነበብ 0 ከተባለ ሌላ አይዲ ይወጣል፤ ስህተት የሚል መልእክት እንኳ አይመጣም። ማይኤስኪውኤል ላይ ሰነዱ ሁለት ነገር መናገር አለበት፦ የዩዩአይዲው ቨርዥን ስንት እንደሆነና ምልክቱ ስንት እንደሆነ።

ሞንጎዲቢ የራሱ ኦብጀክት አይዲ አለው። 12 ባይት ነው፦ አራት ባይት ሰከንድ፣ አምስት ባይት የዘፈቀደ ቁጥር፣ ሦስት ባይት ቆጣሪ። ሞንጎ የሚያስቀምጣቸው ሌሎች ቁጥሮች ሊትል ኤንዲያን ሲሆኑ የኦብጀክት አይዲ ሰከንዱና ቆጣሪው ግን ቢግ ኤንዲያን ናቸው። ይህ ሆን ተብሎ ነው፤ ባይቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነጻጸሩ በጊዜ እንዲደረደሩ። ኦብጀክት አይዲ ብቻ ከተጠቀማችሁ ሰላም ነው። ዩዩአይዲ ሞንጎ ውስጥ ካስገባችሁ ግን ከባይቶቹ ጋር የሚቀመጠውን የንዑስ ዓይነት ቁጥር እዩ። 4 ከሆነ መደበኛው ነው። 3 ከሆነ በድሮ ድራይቨር የተጻፈ ነው፤ ጃቫው፣ ሲ ሻርፑና ፓይተኑ በ3 ስም ሦስት የተለያየ ተራ ጽፈዋል። ከባይቱ ብቻ የትኛው እንደጻፈው አታውቁም። ያኔ ሰነድ ካልተጻፈ ዛሬ ሥራው የምርመራ ሥራ ነው።

ዩሊድ የሚባለው ሌላ የአይዲ ዓይነት 26 ፊደል ነው፤ 48 ቢት ጊዜና 80 ቢት የዘፈቀደ ቁጥር። ዝርዝሩ ላይ ቢግ ኤንዲያን እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ጽሑፉም ባይቱም በአንድ ተራ ይደረደራሉ። አሪፍ ነው። ዛሬ ግን አዲስ ፕሮጀክት ብጀምር ቨርዥን 7ን አስቀድማለሁ፤ ያንኑ ጥቅም ይሰጣል፣ ዳታቤዞቹም በቀጥታ ያውቁታል። ዩሊድ የሚበልጠው ሰው በስልክ ሲያነበው ነው፤ አጭር ስለሆነና ከቁጥር ጋር የሚምታቱ ፊደላት ስለወጡለት።

ስኖውፍሌክ በ2010 ከትዊተር የወጣ ባለ 64 ቢት ቁጥር ነው። 41 ቢት ጊዜ፣ 10 ቢት የማሽን ቁጥር፣ 12 ቢት ተከታታይ ቁጥር ይይዛል፤ የምልክት ቢቱ ባዶ ይተዋል። ዳታቤዝ ውስጥ ተራ ቁጥር ስለሆነ የባይት ጣጣ የለበትም። ጣጣው የሚመጣው ከዳታቤዝ ሲወጣ ነው። ቁልፎችን ባይት በባይት የሚያነጻጽር ማከማቻ ውስጥ፣ ለምሳሌ ሮክስዲቢ ላይ፣ በቢግ ኤንዲያን ካልጻፋችሁት 256 ከ1 በፊት ይደረደራል። ሌላው ደግሞ ጃቫስክሪፕት ነው። ከ9007199254740991 በላይ ያለ ሙሉ ቁጥርን በትክክል መያዙን አያረጋግጥም፤ መጨረሻው ላይ ያሉ አሃዞች ዝም ብለው ይለወጣሉ። ያ የባይት ቅደም ተከተል ችግር አይደለም፤ ምልክቱ ግን ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታዋል። መፍትሔው በኤፒአይ (ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት በር) ሲወጣ እንደ ጽሑፍ መላክ ነው።

በራሱ የሚጨምረው ተራ ቁጥርስ? አንድ ዳታቤዝ ብቻ ካላችሁ ከእሱ የቀለለ የለም። የመድኃኒት መደብራችን ግን አይችልበትም። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲሄድ ፒያሳም ስታዲየምም መሸጣቸውን አያቆሙም፤ ሁለቱም 1045 ብለው ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ማታ ሲገናኙ ይጋጫሉ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ማንንም ሳይጠይቅ አይዲ እንዲያወጣ ነው ወደ ዩዩአይዲ የምንሄደው።

ሰነዱን የት እና እንዴት?

አሁን ወደ ሁለተኛው ምርጫ እንምጣ። ሰዎች የባይት ቅደም ተከተልን የሚመዘግቡባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም።

በጣም የተለመደው ቃል ብቻ መጻፍ ነው። "አይዲው ቢግ ኤንዲያን ነው።" ከምንም ይሻላል፣ ግን ደካማ ነው። ስለ ዲስኩ ነው? ስለ ኔትወርኩ? 16ቱን ባይት እንደ አንድ ቁጥር አይቶ ነው ወይስ ክፍል በክፍል? ጉዊድ ላይ እንዳየነው ቃሉ ራሱ ያሳስታል።

የክፍሎች ሠንጠረዥ ይሻላል። ከባይት 0 እስከ 5 ጊዜ፣ ባይት 6 ላይ ቨርዥን፣ ባይት 8 ላይ ቫሪያንት (የዩዩአይዲውን የአደራደር ቤተሰብ የሚናገር ምልክት) እያለ የሚሄድ። የራሳችሁን የአይዲ ዓይነት ከፈጠራችሁ ግዴታ ነው። ዝግጁ የሆነ ዓይነት ከተጠቀማችሁ ግን ደረጃውን መጥቀስ ይበቃል፤ አርኤፍሲውን መልሶ መጻፍ ማንንም አይጠቅምም። አምስት ገጽ ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰውም የለም፣ በተለይ ሪፖርት በቸኮለበት ጠዋት።

እኔ የምወደው ናሙናውን ነው። ጽሑፉ ይህ፣ ባይቱ ይህ። ምንም ቃል ማወቅ አይጠይቅም። ጀማሪም አንጋፋም እኩል ያነበዋል፤ በቀጥታ ወደ አውቶማቲክ ሙከራም ይገባል። ለመደብራችን ብጽፈው ይህን ይመስላል፦

"የሽያጭ አይዲ። ዩዩአይዲ ቨርዥን 7፣ 16 ባይት፣ ባይቶቹ በጽሑፉ ተራ። ጽሑፉ 01203040-5060-7080-9011-121314151617 ከሆነ ባይቱ 01 20 30 40 50 60 70 80 90 11 12 13 14 15 16 17 ነው። በሲስተሞች መካከል በጽሑፍ ብቻ ይተላለፋል። አመንጪው የቅርንጫፉ ፕሮግራም ነው። ውስጡ ያለው ሰዓት ማርች 22 ቀን 2009፣ 22:15:02 ዩቲሲ ነው።"

የመጨረሻዋ መስመር ትርፍ አይደለችም። የእኛ አገር ሰው ሰዓቱን ከአይዲው ሊያወጣ ሲሞክር ሁለት ጊዜ ይደናገራል። ዩቲሲው (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ቀኑ መጋቢት 13 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም እዚህ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15 ሆኗል፤ የኮምፒውተሩ ቀን ወደ መጋቢት 14 ተሻግሯል። ሌሊት የሚሠራ መድኃኒት ቤት የቀን ሽያጩን ከአይዲው ልቁጠር ቢል የሦስት ሰዓት ሽያጭ ወደ ትናንት ይሄድበታል። ለቀን ሒሳብ የራሱ የሰዓት ኮለም ይኑረው።

የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ከዳታው አጠገብ የሆነው ያሸንፋል። ፖስትግሬስ ኮለም ላይ ኮሜንት ማስቀመጥ ይፈቅዳል፤ ማይኤስኪውኤልም እንደዚሁ። ዳታቤዙ ተቀድቶ ሌላ ሰርቨር ላይ ሲነሳ ኮሜንቱ አብሮ ይሄዳል። የጋራ ማኅደር ውስጥ ያለ የዎርድ ፋይል ግን የጻፈው ልጅ ሥራ ሲቀይር የት እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። ኮዱ ውስጥም ስሙ ይናገር። "ባይት" ከሚል ተለዋዋጭ "የጉዊድ ተራ ባይት" እና "የመደበኛ ተራ ባይት" የሚሉ ሁለት ስሞች ይሻላሉ። ፓይተን ያደረገው ይህንኑ ነው።

እና የትኛውን?

ሁሉም ነገር ፖስትግሬስ ላይ ከሆነ ቨርዥን 7 ውሰዱና ቀጥሉ። ጊዜው እንዲታወቅ የማትፈልጉበት ቦታ ላይ ብቻ በዘፈቀደ የሚወጣውን ቨርዥን 4 ተጠቀሙ፤ ለምሳሌ ለደንበኛ በሚላክ ሊንክ ላይ። ቨርዥን 7ን ያየ ሁሉ መቼ እንደተፈጠረ ያነብባል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከሆናችሁና ከዚያ የማትወጡ ከሆነ የራሱን ተከታታይ ጉዊድ ተጠቀሙ። ቅልቅል ከሆነ፣ ማለትም እንደ መደብራችን አንዱ ወገን ማይክሮሶፍት ሌላው ፖስትግሬስ ከሆነ፣ አይዲውን በጽሑፍ ብቻ አሻግሩ። 36 ፊደል ነው፤ ከ16 ባይት ይበልጣል፤ ይብለጥ። በማታው ዝውውር ላይ የምታተርፉት ጥቂት ሜጋ ባይት ለአንድ ቀን የጠፋ ደረሰኝ ፍለጋ አይመጥንም። ኦራክል ላይ 16 ባይት ጥሬ ኮለም የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ምክር ለእናንተም ነው። እዚያ ዳታቤዙ ጉዊድ ይሁን ሌላ ነገር ስለማያውቅ ዶት ኔት የሰጠውን ሳይጠይቅ ያስቀምጠዋል።

ማይኤስኪውኤል ላይ ቨርዥን 7 ከምልክት 0 ጋር። 1ን ለድሮ ቨርዥን 1 ዳታ ብቻ ተዉት።

አስቀድሞ የተደባለቀ ዳታ ካላችሁ

አንድ ኮለም ውስጥ ግማሹ በመደበኛው ተራ፣ ግማሹ በጉዊድ ተራ ከገባ መለየት ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ቁልፉ የቨርዥኑ አሃዝ ነው። ትክክለኛ ዩዩአይዲ ላይ የሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያ አሃዝ ቨርዥኑን ይናገራል። በናሙናችን 7080 ላይ 7 ማለት ነው። በጉዊድ ተራ የተገለበጠ ከሆነ 8070 ስለሚሆን 7 ሦስተኛው ቦታ ላይ ይገኛል። ቨርዥን 4 ከሆነ 4ን በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ፈልጉት።

አስቸጋሪዎቹ ሁለቱም ቦታ ላይ 4 ያለባቸው ናቸው። ሌላኛው አሃዝ በዘፈቀደ ስለሚወጣ ይህ በአማካይ ከ16 አንዱ ላይ ይገጥማል። ትንሽ አይደለም። ለእነዚህ ወደ ምንጩ ዳታቤዝ ተመልሶ ማመሳከር ነው ያለው። ቨርዥን 7 ላይ ግን እድለኞች ናችሁ። እስከ 2039 ድረስ ማንኛውም ትክክለኛ ሰዓት የያዘ ቨርዥን 7 በ01 ይጀምራል። 01 ከፊት ከሌለና አራተኛው ባይት ላይ ካገኛችሁት ተገልብጧል ማለት ነው።

ስታስተካክሉ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። የጉዊድ ግልበጣ ሁለት ጊዜ ከተደረገ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የማስተካከያው ስክሪፕት በግማሽ መንገድ ላይ መብራት ሄዶበት እንደገና ቢነሳ፣ የተስተካከሉትን መልሶ ያበላሻል። ስለዚህ ያለውን ኮለም አትንኩ። አዲስ ኮለም ጨምሩ፣ ከድሮው እያነበባችሁ አዲሱን ሙሉ፣ የውጭ ቁልፎቹን (ሌሎች ሠንጠረዦች አይዲውን የሚጠቅሱባቸውን ኮለሞች) ወደ አዲሱ አዙሩ። የድሮው ኮለም ግን ኮሜንት ተጽፎበት ይቆይ፤ ቅርንጫፎቹ መሳቢያ ውስጥ ያሉት የታተሙ ደረሰኞችና ዋናው ቢሮ ያወጣቸው የቆዩ ሪፖርቶች ሁለቱንም መልክ ይዘዋልና የሒሳብ ሠራተኛዋ በሁለቱም መፈለግ ይኖርባታል።